ሽማግሌ የተላከበት አማካሪ

አማካሪዬን አልመረጥኩትም፤ እሱም አልመረጠኝም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ለመምህራኑ ሲታደል፣ የቅርጫ ሥጋ በዕጣ እንደሚደርስ እኔ ለእሱ ደረስኩት። እሱም አጥንቱ ብቻ የደረሰው ሰው ይመስል ፊቱን አጨማዶ ተቀበለኝ።

ስለ አማካሪ መልካም ሲወራ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ግቢ የገባን ሰሞን አዳራሽ ሰብስበው «አማካሪያችሁ ሁለተኛ አባታችሁ ነው፤ የትምህርታችሁን መንገድ አብሯችሁ ይቀይሳል» ብለውን ነበር። አንደኛው አባቴ እዚሁ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ዜማ የሚያስተምር መሪጌታ ነው። ቁጡ ቢሆንም ስፈልገው አገኘዋለሁ። ሁለተኛው አባቴ ግን በሩ ላይ «የማማከር ሰዓት» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይጠፋል። ወረቀቱ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈን ወረቀቱን እናነባለን፤ ከዚያ ተነሥተን ወደ ክፍል እንሄዳለን።

ዓመቱን ሙሉ ባይገኝ ግድ አልነበረኝም። ችግሩ የመጣው በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ሲደርስ ነው። የምንፈልጋቸውን የትምህርት ዘርፎች በቅደም ተከተል እንሞላለን፤ አማካሪው ያልፈረመበትን ሬጅስትራር አይቀበልም። ያልተቀበሉት ተማሪ ደግሞ ቦታ በተረፈበት ይወረወራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዕድሜዬ በዚያ ሰው እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ጠብቄ ጠብቄ አንድ ቀን አገኘሁት። ቢሮውን ከሌላ መምህር ጋር ይጋራል፤ ሁለቱም ስልካቸው ላይ ነበሩ።

«ውጤትሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

ሰጠሁት። አየውና አሁን ቀና አለ።

«ጎበዝ። ፋርማሲ ሙዪ።»

«እኔ የምፈልገው ጂኦሎጂ ነው፣ መምህር።»

«ምን አልሽ?»

«ጂኦሎጂ።»

ወደ ባልደረባው ዞረ። «ስማ እንጂ፣ በዚህ ውጤት ጂኦሎጂ ትላለች!» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ምክሩ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ውጤት ድንጋይ ላይ አይጣልም። ሴት ልጅ ነሽ፤ ከተራራ ተራራ ስትንከራተቺ ማን ያገባሻል? በጸጥታው ሰበብ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እያየሽው፣ መስክ የሚያስወጣ ትምህርት ትመርጫለሽ? ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ጥላ ሥር መቀመጥ እያለልሽ?

ስለ መንገዱ የተናገረው እውነት ነበር፤ እክደዋለሁ አልልም። ግን በዚያ ሁሉ ንግግር መሐል ለምን ጂኦሎጂ እንዳልኩ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። እኛ ቤት መምህር ሲናገር ዓይን መሬት መሬት ያያል እንጂ አፍ አይከፈትም፤ የአባቴ ተማሪዎች ሲገሠጹ ያየሁት እንደዚያ ነው። እሱ ዝምታዬን እሺታ አደረገው። ወረቀቴን ስቦ አንደኛ ምርጫ በሚለው ላይ በእርሳስ «ፋርማሲ» ብሎ ጻፈልኝ። «በእስክሪብቶ አድምቀሽ ነይና እፈርምልሻለሁ» አለኝ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በላጲስ እየፈገፈግኩ አጠፋሁት። ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሶ ነበር።

በሌላ ቀን ጂኦሎጂን በእስክሪብቶ ሞልቼ ተመለስኩ። አየው፣ አየኝ፣ ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለ። «መከራው ሲመክርሽ ያን ጊዜ ትመጫለሽ። አሁን አልፈርምም።»

ተረት ሲተረትብኝ አልወድም። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ፤ በሩን ግን ሳላስበው አጮኽኩት። እውነቱን ለመናገር አስቤ ነው።

ቅዳሜ ልብሴን ላጥብ ቤት ስሄድ ንዴቴ አብሮኝ ሄደ። አባቴ በረንዳ ላይ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተቀምጧል። ይኼን አጎቴን እንደ አባቴ እኔም አያ ነው የምለው። ከዳባት ወዲያ ደጋ ላይ የሚያርስ ሰው ነው፤ ያን ሰሞን ጥርሱን ሊያስነቅል መጥቶ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ግራ ጉንጩ እንደ ድፎ አብጦ በነጠላ አስሮታል።

«ምነው ፊትሽ?» አለኝ አባቴ።

ነገርኩት። ጂኦሎጂ ምን እንደሆነ እንደገና ማስረዳት ነበረብኝ፤ የድንጋይና የመሬት ውስጥ ትምህርት ነው አልኩት። አባቴ ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

«እኛ ቅኔ ስንቆጥር መምህሩ ካልተስማማን ስልቻችንን ይዘን ሌላ ደብር እንሄድ ነበር» አለኝ። «ሌላ አማካሪ ዘንድ ሂጂያ።»

«አባዬ፣ አማካሪ በፊደል ተራ ነው የሚታደለው። አይቀየርም።»

«በፊደል ተራ?» ገረመው። «እንግዲያ ሰውየው ተቀይሞሻል ማለት ነው። ያልተቀየመ ሰው ፊርማ አይከለክልም። ምን ብለሽው ነው?»

«ምንም አላልኩትም!»

ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ያንን አስተያየት ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸው ነበር። ልብ አላልኩትም፤ ልብሴን ዘፈዘፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ የክፍሉ ተጠሪ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። «አማካሪሽ ቢሮ በአስቸኳይ ትፈለጊያለሽ። ቄስ መጥቷል፤ ሽማግሌም አለ» አለኝ።

በእኛ አገር ቄስና ሽማግሌ ሳይጠሩ በጠዋት ከመጡ መርዶ ነው። ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። እናቴ ነች ብዬ ሮጥኩ፤ ደረጃው ላይ ደግሞ አባቴ ነው ብዬ አለቀስኩ። ቢሮው ስደርስ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አያ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉንጩን እንዳሰረ፣ ዱላውን ተመርኩዞ አጠገባቸው ቆሟል። «ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጮኽኩ።

«የሞተ ሰው የለም። በስመ አብ በይ» አሉኝ ቄሱ።

ማንም እንዳልሞተ ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንደዚያን ጊዜ ግን ተናድጄ አላውቅም። አባቴ በአማካሪዬ ላይ ሽማግሌ ልኮበታል። ሚስት ለምኖ እንደ ማምጣት፣ ድንበር ገፍቶ እንደ መታረቅ፣ ለዲፓርትመንት ምርጫዬ ሽማግሌ ላከበት። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

የሽማግሌን ወግ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። አማካሪዬ «አባቶች፣ እባካችሁ ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላሉ። እነሱ ቆመው እሱ ሊቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ እሱም ቆሟል። ያ አብሮት የሳቀብኝ ባልደረባውም ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጠባብ ቢሮ ውስጥ አምስታችንም ቆመን፣ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የማማከር ሰዓቱን ጠብቆ ሲገኝ አንድ ቀን አየሁት፤ ለዚያውም ማምለጫ ስላጣ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ቄሱ ጀመሩ። «ልጃችን ካንተ ጋር ተቀያይማለች አሉን።»

«ኧረ አልተቀያየምንም አባ!» አለ አማካሪዬ። ግንባሩ አልቦታል።

«እንኳን አልተቀያየማችሁ። እንግዲያ መስማማቱ ይቀላል።»

አያ ባላበጠው ጉንጩ በኩል ተቀበለ። «እርሰዎ መምህር ነዎት፤ ልጅቱ ልጅ ናት። እርሰዎ የጤናውን ትምህርት ለሷ ብለው ነው ያሉ። እሷ ደግሞ ልቧ ከመሬቱ ነው። ሁለታችሁም ክፉ አላሰባችሁም።»

እስከዚህ ድረስ ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር። አያ አማላጅ ሆኖ ሲቆም ወዲያ ወዲህ የማይል ሰው ነው ብዬ ነበር። ቄሱ ግን «ሽምግልና አንዱን አንሥቶ ሌላውን አይጥልም» ሲሉ ያ ተስፋ ተነነ።

«እንደው መምህር» አለ አያ፣ «እዚያ ወረቀት ላይ ያለው የትምህርት ዓይነት ብዙ ነው አሉ። ጤናውንም መሬቱንም የሚነካ አንድ የለበትም?»

አማካሪዬ ለእኔ ያልዘረጋውን ዝርዝር ከመሳቢያው አወጣላቸው። በጣቱ ወረደ። ከታች ደረሰና ፊቱ በራ። «ኢንቫይሮንመንታል ሄልዝ አለ» አለ።

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«የአካባቢ ጤና ነው። ውሃ ይመረምራል፣ አፈር አለበት፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ይማራል፣ ሲጨርሱ ጤና ጣቢያም ይመደባሉ።»

«ይኸው!» አለ አያ። «አፈርም አለበት፣ ሐኪም ቤትም አለበት። ሸጋ ነው! እሷም ከዚያ ትውረድ፣ እርሰዎም ከዚህ ይነሡ፣ መካከል ላይ ተገናኙ።»

«እኔ እሺ ብያለሁ» አለ አማካሪዬ። አምስት ደቂቃ ባልፈጀ ጊዜ ውስጥ ከፋርማሲው ወረደ፤ እኔን እኮ ስንት ጊዜ ነው ያመላለሰኝ። ሽማግሌዎቹ «ተባረክ» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ባልደረባው ውሃ ሊያመጣላቸው ተነሣ። ያን ዲፓርትመንት እኔ አልፈለግኩትም፤ አማካሪዬም በሕልሙ አላሰበውም። ማንም ያልፈለገው ነገር ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ተቀመጠ።

ቄሱ መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጉ። «እሺ በይና ተሳለሚ።»

«መስቀሉን እሳለማለሁ» አልኩ። «እሺ ግን አልልም።»

ተሳለምኩ። አባቴ ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ የሚለው እሱ ነበር።

«ምነው ልጄ?» አለ አያ በለሆሳስ። «ለራስሽ ብለን እኮ ነው።»

«አያ፣ ጉድጓዱን የት አስቆፈራችሁት?»

እንግዲህ ለምን ጂኦሎጂ እንዳልኩ የምናገርበት ቦታ ደረሰ። አያ የሚኖርበት ደጋ ላይ ሁለት መንደሮች አሉ፤ አንዱ ከጉብታው በላይ፣ ሌላው ከበታች። ሁለቱም ውሃ የሚቀዱት ከሩቅ ወንዝ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ፣ ሙሉውን አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ለፋሲካ እዚያ ሄጄ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ጉድጓድ የሚቆፍር መኪና መጣ። ቀደም ብሎ አንድ ባለሙያ ድንጋዩን እየዞረ ሲያይ፣ በመሣሪያ ሲለካ ሰንብቶ ከታችኛው መንደር በኩል ገደሉ ሥር ካስማ ተክሎ ሄዷል። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያሳልፈው እዚያ ነው ብሎ ነበር። የላይኞቹ አኮረፉ። ውሃው እነሱ ደጅ ሊሆን ነው እንዴ ተባባሉ፤ ዱላ ሊነሣ ሆነ። አያ የአገሩን ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጠና ሸመገሉ። ካስማውን ነቀሉት፤ ከሁለቱም መንደር እኩል በሚርቅ ሜዳ ላይ ተከሉት። ሁሉም ታረቀ፣ ጠላ ተጠጣ። ቆፋሪዎቹ ችኩሎች ነበሩ፤ ካስማው ካለበት ቆፈሩ። ቀኑን ሙሉ አቧራ ወጣ፤ በማግሥቱም አቧራ ወጣ። ከዚያ ብረታቸውን ጭነው ሄዱ። የአያ ሴቶች ልጆች እስከ ዛሬ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። በዚያ ሽምግልና ላይ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

«የት አስቆፈራችሁት?» አልኩት ደግሜ።

«መካከል ላይ» አለ።

«ውሃ ወጣ?»

ነጠላውን ጉንጩ ላይ አጠበቀ።

«ውሃ ሽማግሌ አይሰማም፣ አያ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነው። እኔ ያን ካስማ ማን እንደሚተክለው፣ ለምን እዚያ እንደሚተክለው ልማር ነው የፈለግኩት። ግማሹን አልፈልግም። አሁን ደግሞ እኔን ነቅላችሁ ሜዳው ላይ ልትተክሉኝ ነው?»

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቄሱ መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። አያ ዱላውን ጨብጦ ተነሣ። ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ ነገሩ ፈርሶበት ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ አማካሪዬም ያውቃል፤ «አባቶች፣ ኧረ እባካችሁ» እያለ ተከተላቸው። ውሃው በብርጭቆ ሲመጣ እነሱ ወጥተዋል።

አማካሪዬ ተመልሶ መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ይኼን ሁሉ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«አልጠየቁኝማ።»

«ታሪክሽን ሁሉ ልጠይቅሽ ነበር?»

«ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ይበቃ ነበር።»

ባልደረባው ብርጭቆዎቹን እንደያዘ መስኮት መስኮት ያያል። አማካሪዬ ወረቀቴን ስቦ ፈረመ። ፊርማውን በጣም ስለተጫነው ከጀርባ በኩል ይዳሰስ ነበር። ተጸጽቶ ይሁን ሊገላገለኝ ብሎ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ ብዬ ታሪኩን ላሳምርለት አልፈልግም። በሩ ላይ ያለው ወረቀት አሁንም እንዳለ ነው፤ ተማሪዎቹም ግድግዳ ተደግፈው ያነቡታል።

ወረቀቱን እንደጨበጥኩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋና በር ሮጥኩ። ቄሱ ከጥበቃዎቹ ጋር ሰላምታ ላይ ናቸው፤ አያ ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ይጠብቃል።

«አያ» አልኩት። «ፈረመልኝ።»

«ፈረመ? ሸጋ» አለ ሳይዞር። ነጠላው ከጉንጩ ወርዷል፤ ፊቱ በአንድ በኩል አብጦ የማላውቀው ሰው መስሎ ነበር። «ካስማውን የነቀልሁት በነዚህ እጆቼ ነው። ሌሎቹ አንነካም ሲሉ እኔ ነኝ የነቀልሁት። ይኸን የማያውቅ አገራችን ላይ የለም። አንች ግን በሰው ቢሮ፣ ባላወቅሁት ሰው ፊት ተናገርሽው።»

ይቅርታ አላልኩትም። ያልኩት እውነት ነበር፣ ንዴቴም አልበረደም።

ባጃጁ መጣ። አያ ቄሱን ደግፎ አስገባና እሱ አንድ እግሩን እንዳስገባ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ስትማሪ ውሃው ያለበትን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ያወቅሽ ዕለት ነይ። እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጭው።»

ዘንድሮ ጂኦሎጂ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በዲፓርትመንቱ የተመደበችልኝ አዲሷ አማካሪዬ ደህና ሰው ናት፤ ቢሮዋም ትገኛለች። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ኮርሶቼን አብረን እንደረድራለን፤ በየሴሚስተሩም የመስክ ልምምዱን ወደሚቀጥለው እንገፋዋለን፤ ምክንያቱም ወደ መስኩ የሚያወጣው መንገድ ገና አልተከፈተም። የድንጋይ ስንጥቅ የማየው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በሚበራ ስዕል ነው። አያ ለበዓል ጎንደር ሲወርድ እኔ ግቢ መሆኔን አጣርቶ ነው ቤታችን የሚገባው። ልጆቹ ግን ይደውሉልኛል፤ ሲደውሉ ከወንዙ ሲመለሱ ስለሆነ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አባቴ ሁልጊዜ «ሽማግሌ ልላክልሽና ከአያ ታረቂ» ይለኛል። ምን ሊሉልኝ? ውሃው የት እንዳለ ገና አላውቅም።